ባለ ጠብታው ሠ

አዲስ አበባ፣ አራዳ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለደብሪቱ ልጅ፣ ለኢዩኤል፤

በትልቁ ብሩሽ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ ሠላምታዬ ከአራዳ ተነሥቶ ሻርጃ ድረስ ይነበብልህ። እኔ አጎትህ ዘገዬ፣ ሥላሴ ይመስገኑ፣ ከጉልበቴና ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ደረጃ በላው። ዓይኔ ግን የሆነው ሌላ ነው፤ የፒያሳው ሱቅ ሊፈርስ ዕቃ ስናወጣ መነጽሬ ተረግጦ ደቀቀ። ከመንገድ ላይ አንዱን ገዝቼ ባደርገው ግድግዳው ይዞር ጀመር። እንግዲህ ሩቁን እንደ ጭልፊት አያለሁ፣ አፍንጫዬ ሥር ያለውን ግን አላይም። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርሁ የምትጽፈው ከበራችን ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ፊርደውስ የምትባል ልጅ ናት። ጨዋ ልጅ ናት፤ አንድ ቀን ራሷ መጥታ "ጋሼ፣ የሚነበብ ነገር ካለ ላንብብልዎ" አለችኝ። ስትጨርስ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሃለች፣ ያንተንም እሷው ታነብልኛለች። በስልክ እናውራ እንዳትለኝ። አርባ ዓመት ፊደል ሲጽፍ የኖረ ሰው በነፋስ አይነጋገርም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሰሞኑን ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሰኞ ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ ስሞቅ አንድ ትንሽ ነጭ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ መጣ። ከአራት ኪሎ ወደ አትክልት ተራ፣ ከአትክልት ተራ ወደ አራት ኪሎ፣ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ሲመላለስ አረፈደ። ባንዲራ የለው፣ የአየር መንገድ ስም የለው። በሁለቱም ክንፎቹ ሥር ብቻ በጥቁር ቀይ ቀለም አንድ አንድ ትልቅ ምልክት ተጽፏል።

ሰፈሩ ወዲያው ሸንጎ ተቀመጠ። ባለ ሱቁ ኑሪ "ካርታ የሚያነሡ ናቸው፤ ያልፈረሰውን ቤት ሊቆጥሩ ነው" አለ። ጡረተኛው ሉልሰገድ ደግሞ "የለም፣ የአንድ ነቢይ የግል አውሮፕላን ነው፤ በእግሩ መዞር ቢደክመው ከላይ ሆኖ ሊባርከን ነው" ይላል። "የአረብ ሀብታም ነው፣ ምልክቱ የግመል ኮቴ ነው" ያለም አለ። እኔ ተነሥቼ ቆምሁ። የግመል ኮቴ አልነበረማ! ፊደል ነበር። ንጉሡ ሠ።

ሲሄድ ሠ ነው። ሲመለስ ተገልብጦ ሐመሩ ሐ ይሆናል። ይህስ በአጋጣሚ ይሁን፤ ግን ከሠ ሥር፣ ልክ መሐል ላይ፣ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች።

የዚያችን ጠብታ ነገር ሕፃን ሆነህ ጀምሮ ነግሬሃለሁ፣ ብደግመው አይጎዳህም። የመጀመሪያ ታፔላዬን፣ የራሴኑ "ሠናይ ማስታወቂያ" የሚለውን ስጽፍ፣ ቀለሙ ቀጥኖ ከሠ ሥር ወረደብኝ። ቆርቆሮ መግዣ ስላልነበረኝ የወረደውን አሳምሬ ጠብታ አደረግሁት። ሰው ወደደው፣ ያውም "የዘገዬ እንባ" ብሎ ስም አወጣለት። ከዚያ ወዲያ የቤታችን ምልክት ሆነ፤ አባቴ ከብራና እየገለበጡ በሠሩት የፊደል ደብተር ላይም በእጄ ጨመርሁት። ያን ሠ የሚጽፉ በዓለም ላይ ሦስት እጆች ብቻ ናቸው። የእኔ፣ እና የሁለቱ ተማሪዎቼ፣ ያንተና የዚያ የሌባ የሱፊያን።

እንግዲህ ገባህ። ደብተሬን በ1999 ሰርቆኝ ለሆነ ፈረንጅ ሸጦታል፤ አሁን ይኸው ሰማይ ላይ ወጣ። ሱቄ ፈርሶ፣ የጻፍሁት ታፔላ ሁሉ ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ተጭኖ ሄዶ፣ የእኔ ፊደል በላዬ ላይ ይበራል። ሌባ! ፊርደውስን "ሌባ ብለሽ ጻፊ፣ እንዳታለሳልሺው" ብያታለሁ።

አንተ እዚያ አውሮፕላን ትቀባለህና የማን እንደሆነ ጠይቀህ ጻፍልኝ። የመነጽሬንም የሐኪም ወረቀት አብራ ትልክልሃለች፤ ቢገኝ አልጠላም፣ ባይገኝም አልቀየምህም።

ቀለምህ አይድረቅ፣ መሰላልህ አይንሸራተት። ሠላም ክረም።

አጎትህ ዘገዬ


ሻርጃ
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ዘገዬ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱስ? እኔ ልጅዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልኝ። እንደ አባት ሆነው ያሳደጉኝን እርስዎን ሳስብ ሁልጊዜ ዕንባዬ ይመጣል፤ ቃል አጥቼ ነው እንጂ ብዙ መጻፍ ይገባኝ ነበር።

መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። ስለ አውሮፕላኑ ከሆነ፣ እንዲህ ያሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች እዚህ ብዙ ናቸው፣ የማን እንደሆኑ እኛ ቀቢዎቹ አይነገረንም። ምልክቱ ደብሊው የሚሉት የፈረንጅ ፊደል ሳይሆን አይቀርም፤ እንደሚያውቁት ከእኛ ሠ ጋር ይመሳሰላል። ጠብታ የመሰለችው የሞተር ዘይት ትሆናለች። ያሳድፋል፣ ብዙ ጊዜ እናጥባለን።

ጋሼ፣ የሱፊያን ነገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። እባክዎ ይተዉት። እሱም ልጆች ወልዶ ይሆናል።

መነጽሩን አሠራለሁ። ሌላም የሚያስፈልግዎ ካለ ይንገሩኝ፤ ብርድ ልብስ ልላክ? የደም ግፊት መለኪያም እዚህ ጥሩ ጥሩ አለ።

የምትጽፍልዎ ልጅ ጽሑፏ ያምራል። ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ኢዩኤል


አዲስ አበባ፣ አራዳ
ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኢዩኤል፤

ሠላምታዬ ይድረስህ፤ ዛሬ ግን በቀጭኑ ብሩሽ ነው።

ደብዳቤህን ፊርደውስ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ምርቃቱን ብቻ ቆጠርሁት፣ ሲበዛብኝ ተውሁት። መልሱን ግን አጣሁት። የሞተር ዘይት ትለኛለህ? በሁለት ክንፍ ሥር፣ ልክ መሐል ለመሐል፣ እኩል እኩል የሚንጠባጠብ ዘይት የት አይተህ ታውቃለህ? እኔ ለፋራ ነው የማስረዳው ወይስ ለገዛ ተማሪዬ? ዘይት ይንዛዛል፤ ያቺ ጠብታ በእጅ የተሣለች ናት። አውሮፕላኑ ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ከሉልሰገድ ጋር ጣራ ላይ ወጥቼ በደንብ አይቻታለሁ። እንዳልወድቅ ሉልሰገድ ቀበቶዬን ይዞኝ ነበር፤ "ዘጌ፣ ነቢዩ ካየህ ወደ ላይ ይስብሃል" እያለ ሙድ ሲይዝብኝ አረፈደ።

ብርድ ልብስ አልጠየቅሁህም። የደም ግፊቴን ከፍ የምታደርገው አንተው ነህ፣ በዝምታህ።

አሁን ስማኝ። ኑሪ የዚያን ሰው አድራሻ ነገረኝ። ሱፊያን አትክልት ተራ አካባቢ ባነር ማተሚያ ቤት ከፍቷል አሉ። "ጋሼ፣ ሰው ይወደዋል፣ ተዉት" ይለኛል ኑሪ። እኔ ደግሞ በምን ተከፈተ እላለሁ! በአባቴ ደብተር ነዋ! ጥር ሥላሴን አክብሬ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ፣ ሁለት ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ። ሠራተኞቹም ደንበኞቹም ባሉበት "ደብተሬን መልስ፣ ሌባ" እለዋለሁ። ያኔ በፒያሳ መሐል አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ ደግሞ እለዋለሁ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ ደብተሩን ሳላይ መሞት አልፈልግም።

ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ደብተር ማን እንደወሰደው እንደማታውቅ በሥላሴ ስም ምለህ ጻፍልኝ። ሽማግሌዎቹ ቤተኛ ምስክር አለህ ወይ ካሉኝ አሳያቸዋለሁ።

መነጽሩን ተወው፣ መሐላው ይቅደም።

ሠላም ሁን።

ዘገዬ


ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ኢዩኤል፤

ሠላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን የምጽፈው ጋሽ ዘገዬ ሳያዙኝ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሳቸው አያውቁም።

ያለፈው ደብዳቤ በደረሰ ዕለት መነበቡን ስልኬ ላይ አይቻለሁ። ጋሼ በየቀኑ ሱቁ ድረስ መጥተው "መለሰ?" ይሉኛል። መጀመሪያ "ገና አላየውም" አልኳቸው። አሁን ግን እንዲያ ማለት ከብዶኛል፤ ውሸት ሆኖብኛል። ዛሬ "ዝም አለኝ አይደል?" ብለው በረንዳው ላይ ብዙ ተቀመጡ። ሻይ ባመጣላቸውም አልጠጡትም።

ጥር ሰባት ቀን እሄድበታለሁ የሚሉትን ቤት አውቀዋለሁ። እዚያ ያለው ሰው ቢመጡበት አይጣላቸውም፣ ወንበር ነው የሚሰጣቸው። የምፈራው ለእሱ አይደለም። ሰው ፊት የተናገሩትን በኋላ መመለስ የሚከብደው ለእሳቸው ነው።

የሚጽፉት ነገር ካለ እንዳለ አነብላቸዋለሁ።

ሠላም ይሁኑ።

ፊርደውስ


ሻርጃ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ሰላምታውን የዘለልኩት ረስቼ አይደለም፣ አፍሬ ነው።

ፊርደውስ፣ እህቴ፣ ይህን ስታነቢላቸው አንድም መስመር አትዝለዪ። ለእኔም ብለሽ፣ ለእሳቸውም ብለሽ አታለሳልሺው።

አውሮፕላኑን የቀባሁት እኔ ነኝ። ከሁሉም ኑሪ ነው ልክ የገመተው፤ ካርታ የሚያነሣ ድርጅት ነው፣ ስሙ በደብሊው ይጀምራል። ባለቤቱን አይቼው አላውቅም። አለቃዬ አንድ ደረቅ ደብሊው በወረቀት ሰጠኝና ክንፎቹ ሥር ጻፈው አለኝ። ዕለቱ የእማዬ ሙት ዓመት ነበር። በጀርባዬ ተንጋልዬ ስጽፍ እጄ ወረቀቱን ተወውና ንጉሡ ሠን ጻፈ፣ ጠብታውንም አንጠለጠለ። አለቃዬ ይኼ ምንድነው ሲለኝ "የቤታችን ምልክት ነው" አልኩት። ወደደው። እኔም ኮራሁ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ በሰረቅኩት ነገር ኮራሁ። ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ደብተሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።

ቪዛዬ የወጣ ሳምንት ነው። ሚያዝያ ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እርስዎ ለቅሶ ሄደው። እዚህ ስደርስ የሚያሳየው ነገር የሌለው ሰው ሥራ አያገኝም ብለውኝ ነበር። ከባንኮኒው ሥር አውጥቼ በሹራቤ ጠቀለልኩትና ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ቀና ስል ሱፊያን የቀለም ቆርቆሮ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ተያየን። ምንም አላለም። ቆርቆሮውን አስቀምጦ ወጣ።

ሰኞ ዕለት እርስዎ ደብተሩን አጡት። ሱፊያንን አንገቱን ይዘው ወደ መንገድ ሲያወጡት እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ፣ የጫማ ቤቱን ታፔላ እየጻፍኩ። "ወላሂ አልወሰድኩም ጋሼ" ሲል ሰማሁ። በጥፊ ሲመቱት ሰማሁ። ሰው ሲሰበሰብ ከላይ ሆኜ አየሁ። መውረድ ነበረብኝ፤ ስድስት እርከን ብቻ ነበር። ብሩሼን ነክሬ መጻፌን ቀጠልኩ። ምን እንደጻፍኩ እንኳ ዛሬም አልረሳሁትም፤ "ምቹና ጠንካራ" ነበር የሚለው።

ከዚያ በኋላ ፒያሳ ውስጥ ሥራ የሚሰጠው እንዳጣ፣ አትክልት ተራ ጆንያ ይሸከም እንደነበር እማዬ ከመሞቷ በፊት ጽፋልኛለች። ያን ደብዳቤ ሁለተኛ አላነበብኩትም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርዎ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ከአውሮፕላኑ ወሬ በፊት ያየሁት ሰላምታውን ነው። "ሠላምታዬ" ይላል፣ በንጉሡ ሠ። ጋሼ፣ ሰላም በእሳቱ ሰ ነው የሚጻፈው እያሉ የማንን ጣት ነበር በብሩሽ እጀታ የሚመቱት? "እኔ ሰላምን በእሳት አልጽፍም ጋሼ፣ ይቃጠላል" እያለ የሚያስቅዎ ማን ነበር? እርስዎ እንኳ እየሳቁ ነበር የሚመቱት። ከዚያ ሠ ሥር ደግሞ በእስክሪብቶ የተሣለች ጠብታ አለች። በሁሉም ደብዳቤ ላይ አለች። ሦስት እጆች ብቻ ናቸው ብለውኛል። አራተኛው አጠገብዎ ተቀምጦ ይጽፍልዎታል።

ፊርደውስ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። "ሌባ" የሚለውን ቃል አባትሽ ላይ በራስሽ እጅ ስትጽፊ መስመሩ አልተዛነፈም። እኔ ግን ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩትና ስለ ሞተር ዘይት ጻፍኩ። ሌባው እኔ ነኝ። ይህንንም ጮክ ብለሽ አንብቢው።

ደብተሩንና መነጽሩን አብራኝ የምትሠራ ጽዮን የምትባል ልጅ ለገና ስትመጣ ታመጣልዎታለች። ከጥር ሥላሴ በፊት በእጅዎ ይገባል። ደብተሩ አልተጎዳም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፍራሼ ሥር ነበር። ይቅርታ ለመለመን ድፍረቱ የለኝም። ብቻ ሱፊያን ዘንድ ሽማግሌ ይዘው ደብተር ሊጠይቁ አይሂዱብኝ።

ኢዩኤል


አዲስ አበባ፣ አራዳ
ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኢዩኤል፤

ሠላም።

አነበበችው። አንድ መስመር አልዘለለችም። "የማን ልጅ እንደሆንሽ" የሚለው ላይ ስትደርስ ውኃ ጠጣች፣ ከዚያ ቀጠለች። "ሌባው እኔ ነኝ" የሚለውንም እንዳልኸው ጮክ አድርጋ አነበበችው፤ ሉልሰገድ ከታች ቀና ብሎ አየን።

ስትጨርስ "አባትሽ ማነው?" አልኋት፣ ያልሰማሁ ይመስል።

"ሱፊያን" አለችኝ።

"እሱ ነው የላከሽ?"

"መነጽራቸው ተሰብሯል አሉ፣ የሚያነብላቸው ሰው የለም አለኝ። ስምሽን ብቻ ንገሪያቸው አለኝ።"

"ሌባ ብለሽ ጻፊ ስልሽ ታዲያ ምን አልሽ በሆድሽ?"

"አለቀስኩ። ከመላኬ በፊት ቤት ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። እሱ ግን እንዳሉሽ ጻፊ፣ ጸሐፊ ከሰው ቃል አያጎድልም፣ እኔንም እንደዚያ ነው ያስተማሩኝ አለኝ።"

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ያስተማርሁትን እሱ ይዞታል፣ እኔ ግን ጥያለሁ።

በአንተ ላይ ብቻ ተቆጥቼ መተኛት እንዴት ባማረኝ! አልሆነልኝም። እኔም ልናዘዝ። አውሮፕላኑን ያየሁ ቀን አንተ እንደሆንህ ልቤ ነግሮኛል። ከማውቀው ሰው አውሮፕላን የሚቀባ ሌላ ማን አለና ነው? የማን ነው ብዬ የጠየቅሁህ የክንፉን ባለቤት ፈልጌ አይደለም። አንተ ትናገር እንደሆነ ብዬ ነው፤ ካልተናገርህ ደግሞ ሱፊያን ላይ ልደግምበት ተዘጋጅቼ ነበር፣ እሱ ይቀለኛላ። ያኔም እንዲሁ ነው። ሱፊያንን አስማልሁት፣ ማለልኝ፣ መታሁት። አንተን ግን "አይተሃል ወይ?" ብዬ እንኳ አልጠየቅሁህም። መሰላሉ ላይ እንደነበርህ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ሲያይ አንተ ብቻ ብሩሽህን ስትነክር አይቻለሁ። መልሱን ፈርቼ ነው ያልጠየቅሁህ። ደብሪቱ ምን ትለኝ ነበር?

ጥር ሥላሴ ዕለት ቅዳሴ እንዳለቀ ሄድሁ። ሽማግሌ አልያዝሁም፤ ጽዮን ያመጣችውን ደብተር በብብቴ ይዤ፣ ፊርደውስ ክንዴን ይዛኝ። አምስት ስድስት ሠራተኛ አለ፣ ደንበኛ አለ፣ ማሽኑ ይጮኻል። ፒያሳ መሐል የሰደብሁትን ያህል ድምፄን ከፍ አድርጌ "ሱፊያን፣ ሌባ ያልሁህ እኔ ዘገዬ ነኝ። ሌባው የእህቴ ልጅ ነው። ይቅር በለኝ" አልሁ። ልንበረከክ ጎንበስ ስል ከወገቤ ላይ ያዘኝ። ጠጉሩ ሁሉ ሸብቷል፣ ልጅ መስሎኝ ነበር የሄድሁት። ወንበር አመጣልኝ።

"ሲወስደው አይተኸው ነበር አሉ" አልሁት። "ለምን አልነገርኸኝም?"

ማሽኑን አጠፋው። "ጋሼ፣ ብነግርዎ ያምኑኝ ነበር?" አለኝ።

ኢዩኤል፣ "አዎ" ልለው አፌን ከፈትሁ። አልወጣልኝም። አንተ የእህቴ ልጅ ነህ። እሱ ከስልጤ መጥቶ ሱቄ በር ላይ ያገኘሁት የሰው ልጅ ነው። አብረን ስንት ዓመት ከአንድ ሳህን በላን፣ ያን ቀን ግን ማን ዘመድ ማን ባዳ እንደሆነ እጄ ለይቶ አወቀ። "አላምንህም ነበር" አልሁት።

"ለዚህ ነው" አለኝ።

ደብተሩን ሰጠሁት። ያንተ ነው አልሁት፤ ለእኔ ሳይሆን ለአንተ ነው የሚመለሰው። ከፍቶ አላየውም መጀመሪያ። በመዳፉ ላይ አድርጎ ከፍ ዝቅ አደረገው። "ይቺ ናት እንዴ?" አለ። "ጆንያ ስሸከም ከዚህ የምትከብድ ይመስለኝ ነበር።" ያን ጊዜ አለቀስሁ፣ ሰው ፊት፣ አላፈርሁም።

ስለ አውሮፕላኑም ጠየቅሁት። እሱም አይቶታል፣ ያውም ከእኔ በፊት። "የኢዩኤል ጠብታ ድሮም ትንሽ ወደ ግራ ታዘነብላለች" አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። አየህ፣ እሱ ማን እንደቀባው ማንንም ሳይጠይቅ አውቆ ሥራውን ይሠራ ነበር።

አንተንስ? ይቅር ብዬሃለሁ ብሎ ማስጻፍ አይከብደኝም፣ አንድ መስመር ነው። ግን ከእኔ ብቻ የሚወጣ ይቅርታ አይበቃህም። ለሱፊያን ራስህ ጻፍለት። በስልክ አይደለም፣ በእጅህ ጻፈው። ከዚያ ና። መሰላል የለም አሁን፣ የምትወርድበት ስድስት እርከን የለም። ደረጃው ብቻ ነው ያለው፣ እሱን እኔ ወርጄ እቀበልሃለሁ።

መነጽሩ ልክ ሆነልኝ። ዛሬ ጠዋት ፊርደውስን የጻፍሽልኝን ሁሉ አትመሽ አምጪልኝ አልኋትና ከመጀመሪያው ጀምሬ በገዛ ዓይኔ አነበብሁት። "ሌባ" የሚለውን አየሁት። እንዴት አስተካክላ ጽፋዋለች! ከዚያ ወደ ላይ ወደ ሠላምታው ተመለስሁ። በንጉሡ ሠ፣ ከነጠብታው፣ በሁሉም ላይ። እጄ ሳላስበው የብሩሽ እጀታ ፈለገ።

ልጅቷ አይታኝ ደነገጠች። "ስህተት ነው አይደል ጋሼ? አባቴም ነግሮኛል፣ ግን እሱ ሲጽፍ ያየሁት እንደዚህ ነው። ላርመው?" አለችኝ። ተዪው፣ እንዳለ ይሁን አልኋት።

የቀረችውን መስመር እስክሪብቶውን ከእሷ ተቀብዬ በራሴ እጅ ነው የምጽፋት። ጠብታዋ ወፍራለች፤ አትፍረድብኝ።

ሠላም ሁን፣ ልጄ።

ዘገዬ